ለአስተማሪ አባቴ ቨርጂኒያ ውስጥ ምን ላሳያቸው? አንድ ጥያቄ፣ 34 መልስ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱም የእኔው ነው።

መነሻው ቀላል ነበር። አባባ በጥቅምት ለአንድ ወር ከደሴ ሊመጡ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ያስቸግራቸዋል፣ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው። እኔ አሌክሳንድሪያ ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። የማውቀው ቨርጂኒያ ግን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ሐበሻ ሱቅ ነው። ያለኝ ትርፍ ጊዜ ሦስት ቅዳሜ። የት የት ልውሰዳቸው ብዬ ጠየቅኩ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም። ላሊበላን ላየ ሰው 200 ዓመት የሞላው የእንጨት ቤት ምን ይደንቀዋል የምትል ነገር ጣል አደረግሁ። ነገሩን ያቀጣጠለችው እሷ ናት።

ስም ትቼ በቁጥር ልተርክላችሁ።

ቁጥር 1 የአንዲት እህት መልስ ነው፤ ትሕትናዋ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። ከቅርቡ እንድጀምር መከረችኝ፤ ከማውንት ቨርነን። የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ከእኛ ሰፈር በመኪና 20 ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ አደራም ሰጠችኝ፦ አባባ ሳይገቡ በፊት ግድግዳውን ልብ ብለው ይዩ። ከሩቅ ሲያዩት የተጠረበ ድንጋይ ነው። ጠጋ ሲሉ ጣውላ ነው። ጣውላውን በድንጋይ ቅርጽ ጠርበው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ በትነውበት ነው ዓይን የሚያታልለው። ውስጥ መተላለፊያው ላይ ደግሞ ፓሪስ የነበረው የባስቲል እስር ቤት ቁልፍ ተሰቅሏል። ፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋዬት በ1790 ለዋሽንግተን የላከው ነው። እሷ በጣም የወደደችው ግን ከቤቱ ጀርባ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ፖቶማክን ማየት ነበር። ለጉልበትም ጥሩ ነው አለች።

ቁጥር 2 ይህን ደግፎ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ቦታው የመንግሥት አይደለም። በ1858 ለመግዛት የተዋዋለው የሴቶች ማኅበር ነው፤ ዛሬም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ስለዚህ የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ እዚያ አይሠራም። እሱ ካርዱን በኩራት መዞ ነበር፤ ቲኬት ቆራጯ ፈገግ ብላ መለሰችለት።

ከዚያ ቁጥር 3 መጣ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ያቺን የላሊበላ ነገሬን አንስቶ በአንድ አንቀጽ ዘረጋኝ። የእንግሊዞች የመጀመሪያ ቋሚ ሰፈር ጄምስታውን የተቆረቆረችው በ1607 ነው፤ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት በ1636 ነው። ስለዚህ እንግሊዞቹ ጄምስ ወንዝ ዳር አጥራቸውን ሲተክሉ የፋሲል ግንብ ገና አንድ ድንጋይ አልተቀመጠለትም። ጄምስታውን ጎንደርን በ29 ዓመት ትበልጣታለች። የትናንት አገር እያልን ስንመጻደቅ መጀመሪያ የራሳችንን ዓመተ ምሕረት እንወቅ ብሎ ጨረሰ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አፈርኩ። 200 ዓመት ያልኩት ከየት አምጥቼው እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ቁጥር 4 ደግሞ ቁጥር 3ን ያዘው። ጎንደር ላይ የጠቀሰው በእኛ አቆጣጠር፣ ጄምስታውን ላይ የጠቀሰው በፈረንጅ ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡ ተደባልቋል አለ። ቁጥር 3 ሁለቱም በፈረንጅ ነው አለ። ቁጥር 4 ማስረጃ አምጣ አለ። አላመጣም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመለሳለች።

ቁጥር 5 ወደ ጉዳዩ መለሰን። ጄምስታውን ሁለት ናት። ይህን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የፈለገውን ሳያይ ይመለሳል። አንደኛው ቦታ በክልሉ መንግሥት የሚተዳደር ሙዚየም ነው። በ1607 የመጡት ሦስት መርከቦች ቅጂ ውኃው ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ልጆች ይወጡበታል ይወርዱበታል። ሁለተኛው እውነተኛዋ ደሴት ናት። እሱ የመጀመሪያውን ሦስት ሰዓት ሙሉ ዞሮ፣ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ደሴቷን እንዳላያት ያወቀው። ልጆቹ ግን መርከቡን ስላዩ ደስ ብሏቸዋል፤ እነሱ ፊት አንገቱን አልደፋም።

ደሴቷ ላይ ምን አለ? ይህን በደንብ ያስረዳችው ቁጥር 6 ናት። ለረጅም ጊዜ የሰፋሪዎቹን ምሽግ ወንዙ በልቶታል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1994 ቁፋሮ ሲጀመር የአጥሩ እንጨቶች የቆሙበት ጉድጓድ አፈሩ ላይ ጠቆር ብሎ ተገኘ። እንጨቱ በስብሶ አልቋል፤ የቀረው የአፈሩ ቀለም ነው። ከዚያ ጠቆር ያለ አፈር ተነስተው ምሽጉ የት እንደነበር ለዩት። በ1609 እና 1610 መካከል በነበረው የብርድና የረሃብ ወራት ከ300 ያህል ሰፋሪ የተረፈው 60 ያህል ብቻ ነበር። ፈረስ በሉ፣ ውሻ በሉ፣ ጫማ ቆዳ ቀቀሉ። በ2013 ተመራማሪዎች የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ አጥንት ላይ የቢላ ምልክት ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር 6 አልጻፈችውም፤ እኔም አልጽፈውም። ከምሳ በኋላ ሂዱ ማለቷ ግን አይረሳኝም።

ቁጥር 7 ሁሉ ነገር ውሸት ነው ባይ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በየውይይቱ አይጠፋም። እንደ ሙዚየም በምትጎበኘው ጥንታዊት ከተማ ዊሊያምስበርግ የሚታየው የገዥው ቤተ መንግሥት በ1781 ተቃጥሎ በ1930ዎቹ እንደ አዲስ የተሠራ ነው አለ። አፖማቶክስ ላይ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ እጁን የሰጠበት ቤትም በ1893 ፈርሶ እንደገና የቆመ ነው። ታዲያ ቅጂ ለማየት ቤንዚን ምን አቃጠለኝ ነው ነገሩ። አስቸጋሪው የጠቀሰው ሁሉ ትክክል መሆኑ ነው።

ቁጥር 8 ግን አልለቀቀችውም። እዚያው ዊሊያምስበርግ ከ80 በላይ ጥንታዊ ቤቶች እንዳሉ ነገረችው። መንገዱ ላይ መንሸራሸር በነፃ ነው፤ ቲኬት የሚያስፈልገው ወደ ቤቶቹ ለመግባት ነው። ከዚያ የእናቷን ነገር አመጣች። እናቷ ከጎጃም መጥተው ሸማኔው ቤት አስገባቻቸው። በድሮ ልብስ የለበሰችው ሴት ሱፍ በመሽከርከሪያ ትፈትላለች። እናትየው ትንሽ ቆመው አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ሴትዮዋ ጥቂት ሱፍ ሰጠቻቸው። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ሳብ፣ ጠምዘዝ እያደረጉ፣ ያለ እንዝርት ያለ ምን፣ ቀጭን ክር አወጡ። ሴትዮዋ ሥራዋን አቁማ ማየት ጀመረች። ቋንቋ አይግባቡም፤ ግን ሃያ ደቂቃ አወሩ። ልጅቱ ትርጉም ልግባ ብትል አንቺ ዝም በይ ተባለች። ቤተ መንግሥቱ የ1930ዎቹ ነው አይደለም እናቴን አላስጨነቃትም ብላ ዘጋችው። ቁጥር 7 ለዚህ መልስ አልነበረውም። በውይይቱ ውስጥ ዝም ያለበት ብቸኛ ቦታ ይኸው ነው።

ከ9 እስከ 14 መንገድ ሆነ። በ95 አውራ ጎዳና ቁልቁል ዓርብ ከሰዓት ለመውጣት ያሰበ ሰው ፍሬድሪክስበርግ ሳይደርስ ይመሻል፤ ቅዳሜ በማለዳ ውጣ ተባልኩ። ጄምስታውንን፣ ዊሊያምስበርግንና ዮርክታውንን የሚያገናኘው ኮሎኒያል ፓርክዌይ 23 ማይል ነው፤ የጭነት መኪና አይገባበትም፤ ዛፍ ለዛፍ ነው። አንዱ ከሰዓቱ እንድጠነቀቅ ሲመክረኝ ሌላው ከፍጥነቱ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም፤ በወንጀል ያስከስሳል። ራዳር የሚያሳውቀው ዕቃም ክልክል ነው። ቁጥር 12 የዚህ ቀማሽ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለ ጠበቃ ዋጋ የሚያውቀው ነገር በዛብኝ። ቁጥር 14 ስለ ምሳ ነበር፤ ፍርፍር በምሳ ዕቃ፣ ቡና በፔርሙዝ፣ አለዚያ አባትህ ሳንድዊች ቀምሰው ጉዞው ይበላሻል። አባባን የሚያውቃቸው መሰለኝ።

ቁጥር 15 ሃርፐርስ ፌሪ ሂድ አለኝ፤ ጆን ብራውን በ1859 ባሪያዎችን ነፃ ለማውጣት የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን የወረረበት ከተማ ነው። ቁጥር 16 ያ ቨርጂኒያ ሳይሆን ዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ ካርታ ተመልከት አለው። ቁጥር 15 ተናዶ ተመለሰ። ዌስት ቨርጂኒያ የተገነጠለችው በ1863 ነው፤ ጆን ብራውን በተያዘበት ጊዜ ከተማው ቨርጂኒያ ነበር፤ የፈረደበትም የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም ግን ይህን አላመኑም።

ከዚያ ቁጥር 18 ገባ። እስከዚያ ድረስ የነበረው ሳቅ እዚያ ላይ ቆመ።

የጻፈው በቁጣ አልነበረም፤ በቀዝቃዛ ቃል ነው። 17 መልስ አነበብኩ፣ ስለ በረንዳና ስለ ቁልፍ አወራችሁ፣ ያን ቤት ማን እንደሠራው አንድ ሰው አላነሳም የሚል ነበር። ዋሽንግተን በሞተበት በ1799 ማውንት ቨርነን ውስጥ 317 ሰዎች በባርነት ነበሩ። ጄፈርሰን ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብሎ ጽፎ በዕድሜው ከ600 በላይ ሰው በባርነት ይዟል። መቃብሩ ላይ እንዲጻፍለት የፈለገው ሦስት ነገር ነው፤ የነፃነት አዋጁ፣ የሃይማኖት ነፃነት ሕጉና ያቋቋመው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ። ፕሬዚዳንት መሆኑን እንኳ አላስጻፈም። እነዚያ 600ዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ የመቃብር ጽሑፍም የላቸውም። ቀጥሎ ወደ ራሳችን ሰፈር መጣ። አሌክሳንድሪያ ዱክ ጎዳና 1315 ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት አለ። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ነጋዴዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን እዚያ አስረው ደቡብ ወዳሉት ናቼዝና ኒው ኦርሊንስ ይሸጡ ነበር። ዛሬ ሙዚየም ነው። በፊቱ ስንት ጊዜ አለፋችሁ ብሎ ጠየቀ።

እኔ በሳምንት አምስት ቀን አልፋለሁ። የማውቀው ግን ጥግ ላይ ያለውን መብራት ነበር፤ ቀዩ ይረዝማል።

ቁጥር 19 ይህ የእኛ ታሪክ አይደለም፣ ሽማግሌ አባት ለመዝናናት ነው የሚመጣው አለ። ቁጥር 20 እሳት ሆነች። በነሐሴ 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች አሌክሳንድሪያ ቤተ መጻሕፍት ገብተው ካርድ ጠየቁ። ተከለከሉ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ አውጥቶ ወሰዳቸው። ያዘጋጀው ሳሙኤል ታከር የሚባል ወጣት ጠበቃ ነበር። ከተማው እነሱን ከማስገባት ለጥቁሮች ሌላ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሠራ፤ እሱ ራሱ ዛሬ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ነው። ልጆችህን ቅዳሜ ተረት የምታስነብብበት ወንበር በእነዚያ ሰዎች የተገኘ ነው፤ እኛን ያስገባን የ1965 የኢሚግሬሽን ሕግም ከዚያው ትግል ዘመን የመጣ ነው፤ የእኛ አይደለም የምትለው የቱን ነው ብላ አፋጠጠችው። ቁጥር 21 ተሰርዟል። ከመሰረዙ በፊት አንብቤዋለሁ። መሰረዙ ተገቢ ነው።

ቁጥር 22 ሰላም ለማውረድ የገባ ይመስላል፤ ፎርት ሞንሮን አነሳ። ሃምፕተን ያለ፣ ውኃ የከበበው የድንጋይ ምሽግ ነው። በነሐሴ 1619 ከአንጎላ የተጋዙ ከ20 በላይ አፍሪካውያን ከመርከብ የወረዱት እዚያው ነጥብ ላይ ነው። በግንቦት 1861፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ እንደጀመረ፣ በባርነት የነበሩ ሦስት ሰዎች፣ ቤከር፣ ማሎሪና ታውንሴንድ፣ ሌሊት በጀልባ ቀዝፈው ወደዚያው ምሽግ ገቡ። ጌታቸው አስመልሱልኝ አለ። የምሽጉ አዛዥ፣ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል በትለር እምቢ አለ። ቨርጂኒያ ከአገሪቱ ተገንጥያለሁ ብላለች፤ ስለዚህ ሕጋችሁ አይመለከተኝም፤ እነዚህ የጦርነት ምርኮ ናቸው አለ። ወሬው ተሰማና ሰው በመቶ፣ ኋላም በሺህ ይጎርፍ ጀመር። ባርነት በገባበት በር ወጣ ማለት ይኼ ነው።

ቁጥር 23 እትዬ ልበላቸው፤ ሪችመንድ ከ30 ዓመት በላይ እንደኖሩ ጻፉ። ከሁሉም መልስ የወደድኩት የሳቸውን ነው። ማጊ ዎከርን ሂዱና እዩ አሉ። እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። እሷ በ1903 ሪችመንድ ላይ ባንክ ከፈተች፤ በአሜሪካ ባንክ ያቋቋመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ባንኩ ከየት መጣ? ከእድር። እትዬ እንዲሁ ነው ያስቀመጡት፤ እኔም የተሻለ ቃል የለኝም። የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር የሚባል ነበር። አባሉ ሳንቲም ሳንቲም ያዋጣል፤ ሲታመም ይጠየቃል፤ ሲሞት በክብር ይቀበራል። ዎከር ገንዘቡ በሌላ ሰው ባንክ ከሚተኛ የራሳችን ይኑረን አለች። እትዬ ይህን ሲሰሙ ለአስጎብኚው እኔም የእድር ገንዘብ ያዥ ነኝ ብለው ስለ መዝገብ አያያዝ ጠየቁት። መልሱ አላረካቸውም።

ቁጥር 24 እድርና እቁብ አንድ አይደለም አለ። ማንም አንድ ነው አላለም።

ቁጥር 25 አርሊንግተን መቃብርን አነሳ፤ ኬኔዲ በኅዳር 1963 ሲቀበር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያ ቆመው ነበር አለ። እውነት ነው፤ ከቻርለስ ደ ጎል ጋር ሆነው የሚታዩበት ፎቶ የታወቀ ነው። ይቺ ለአባባ ትሆናለች ብዬ ስጽፍ ከ26 እስከ 30 ያለው ስለ ንጉሡ፣ ስለ መሬት ላራሹና ስለ ደርግ ሆነ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። አወያዩ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀ።

ቁጥር 31 በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል አንድ አጭር ነገር ጻፈ። አባትህ አስተማሪ ከሆኑ ፋርምቪል ውሰዳቸው። ሌላ አላለም።

ወሰድኳቸው። ቁጥር 32 የእኔው ነው፤ ያየነውን ጻፍኩ።

መጀመሪያው ቅዳሜ ማውንት ቨርነን ነበር። አባባ ጣውላውን በዓይናቸው መረመሩ፤ ከዚያ የባሪያዎቹ መቃብር ያለበት ቦታ ድረስ በከዘራ ወረዱ። ሁለተኛው ደሴቷ፣ እውነተኛዋ። ሦስተኛው ፋርምቪል።

እዚያ ያለው፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነው የጥቁሮች የሞተን ትምህርት ቤት ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ለ180 ተማሪ የተሠራ ነበር፤ በ1951 ከ450 በላይ ነበሩበት። ለተረፉት በሬንጅ ወረቀት የተለበጡ ዳሶች ቆሙላቸው፤ ዝናብ ያፈሳሉ። ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ሚያዝያ ላይ ርእሰ መምህሩን በውሸት ስልክ ከግቢ አስወጣችው፤ ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ችግር ላይ ናቸው ተባለ። ከዚያ ተማሪውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስባ አድማ አስመታች። የነሱ ክስ በኋላ በ1954 በትምህርት ቤት መለያየትን ከሻረው ውሳኔ ጋር ተጠቃለለ። ወረዳው ደግሞ ጥቁርና ነጭ አብሮ ከሚማር ብሎ ከ1959 እስከ 1964 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ።

አባባ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። ዳሱን በፎቶ ሲያዩ እኔም እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አስተምሬያለሁ አሉ። የስልኩን ነገር ስተረጉምላቸው ሳቁ፤ እኔንም አንድ ጊዜ እንዲህ ሸውደውኛል አሉ። አምስቱን ዓመት ስነግራቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ። ያኔ አንደኛ ክፍል መግባት የነበረበት ልጅ ስንት ዓመቱ ሆኖ ገባ ብለው ጠየቁኝ። አስጎብኚዋን ጠየቅኳት። አንዳንዱ በ11 ዓመቱ፣ አንዳንዱ ከነጭራሹ አልገባም አለች። አባባ ይህን በኪስ ደብተራቸው ጻፉ።

ማታ ቤት ገብተን ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ቁጥር 3 እና 4 ጋ ስንደርስ እጃቸውን አነሱ። ቁጥር 33 የሳቸው ነው፤ እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ሁለቱም ዓመታት በፈረንጅ ናቸው፤ ጄምስታውን 1607 በእኛ 1599፣ ጎንደር 1636 በእኛ 1628፤ በየትኛውም ብታሰሉት ልዩነቱ 29 ነው። ቁጥር 3 ልክ ነው፣ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ብሎ አልጻፈም፣ ግማሽ ነጥብ ይቀነስበታል። ቁጥር 4 መጠየቁ ጥሩ ነው፣ ሒሳቡን ግን ራሱ መሥራት ነበረበት። የቁጥር 21ን ስህተት ለማረም ፈልገው ተሰርዟል ስላቸው ቅር አላቸው።

ቁጥር 34 ከቁጥር 4 ነው። ጋሼ ደሴ የት ትምህርት ቤት ነበር ያስተማሩት ብሎ ጠየቀ።